ለብቻው የተሠራ አልጫ

ታኅሣሥ 29 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። የተከተፈ ሽንኩርት በሳፋ ይዤ የወንድሜ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። የወንድሜ ልጅ አርያም የስልኩን ገመድ እስከ ፍሪጁ ጥግ ድረስ ስባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በእንግሊዝኛ ታወራለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ በበዓል ቀን እንደዚያ ተደብቆ የሚያወራ ሰው አላየሁም። የእኔ እንግሊዝኛ ያኔ ለሱቅና ለባስ ብቻ የሚበቃ ስለነበር «ኩኪስ» እና «ሃው መች» የሚሉትን ለቅሜ ያዝኩ። ዘወር ስትል አየችኝና «ኦኬ፣ ባይ» ብላ ዘጋችው። ማን ነው አልኳት። «ከሥራ ነው፣ እትዬ። ስለ ምግብ ነው» አለችኝ። በእኛ ገና የፈረንጅ ምግብ ልታበይን ነው እንዴ ብዬ ቀለድኩባት። ሳፋውን ተቀብላኝ ሽንኩርቱን ትልቁ ድስት ውስጥ ገለበጠችው እንጂ አልሳቀችም። ከኋላ በኩል፣ ባልተለኮሰው ምድጃ ላይ፣ ክዳኗ የተገጠመ ትንሽ ድስት ነበረች።

ትንሿ ድስት ውስጥ ምን እንደነበረ እኔ ያወቅኩት ከባሌ ከታደገ አርባ በኋላ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ግን እኔ ያን ቀን እንደተቀመጥኩት ምንም ሳያውቅ እንዲቀመጥ አልፈልግም፤ አሁኑኑ እናገራለሁ። አርያም ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እዚሁ ካልጋሪ፣ አሥራ ሰባተኛው አቬኑ ላይ ባለ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ትሠራለች። እዚያ ብሬንት የሚባል ምግብ አብሳይ አለ። እናቱ እንደ ወንድሜ በካንሰር ታመው ምግብ አልወርድላቸው ብሎ ነበር። ብሬንት በፈረንጆቹ ገና ቅቤ ውስጥ የሀሺሽ ዘይት ቀላቅሎ ኩኪስ ጋገረላቸውና እናትየው በስንት ጊዜያቸው ከቤተሰቡ ጋር ገበታ ቀርበው በሉ። አርያም ይህን ስትሰማ ለእኔም ግዛልኝ አለችው። በሃያ አምስት ዶላር የጣት ጫፍ የምታህል ብልቃጥ አመጣላት። ውስጡ ያለው የጠቆረ ማር ይመስላል፤ መርፌ ቢነክሩበት ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይወርድም። ውሃ አያሟሟውም፣ የሚቀበለው ቅባት ብቻ ነው፤ ቅቤውን በለስላሳ እሳት አሙቀሽ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጨምሪበት አላት። የተበላው ቶሎ እንደማይታወቅ፣ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቆይቶ እንደሚመጣም ነገራት። እሷም ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ፣ እናቷ ካነጠረችው ቅቤ በስኒ ቀንሳ፣ እንዳላት አደረገችና ለአባቷ ለብቻው ዶሮ አልጫ ሠራችለት። ስልክ የደወለችው ከሠራችው በኋላ ነው። ያቺ የሩዝ ፍሬ ለአንድ ትሪ ሙሉ ኩኪስ እንደሆነች፣ እናቱም በአንድ ጊዜ የሚበሉት አንዲት ኩኪስ ብቻ እንደሆነ ብሬንት የነገራት ያን ጊዜ ነው። «አባዬ ከሁለት ጉርሻ አያልፍም፣ የቀረውን እደፋዋለሁ ብዬ አሰብኩ» አለችኝ ኋላ። ያሰበችው ስሕተት አልነበረም። ወንድሜ ከጥቅምት ጀምሮ ሁለት ጉርሻ አልፎ አያውቅም ነበር።

ወንድሜ ገብረመድኅን የጨጓራ ካንሰር ነበረበት። ከዚያ በፊት ሌሊት ሌሊት ዳውንታውን የነዳጅ ኩባንያዎቹን ፎቆች ያጸዳ ነበር፤ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ፎቆቹን በሚያገናኘው የመስታወት ድልድይ እየተሻገረ፣ ምሳ ዕቃውን ሞልቶ የሚሄድ፣ ባዶውን ይዞ የሚመለስ ሰው ነበር። መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ የምግብ ሽታ ራሱ ያስታውከው ጀመር። የዓለምወርቅ፣ ሚስቱ፣ ወጥ ስትሠራ መስኮት ከፍታ ነው፤ ውጭ ያለው ብርድ ቤቱን እስኪሞላው ድረስ። ከገናው በፊት በነበረው ቀጠሮ ሐኪሙ ሚዛኑን አየና፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ እንኳ ካልጨመረ ቀጣዩን መድኃኒት አንሰጠውም፣ ሰውነቱ አይችለውም አለ። ያስተረጎመችው አርያም ናት። ለአባቷ ያስተረጎመችለት ግማሹን ብቻ ነው፤ «ምግብ ብላ ነው የሚለው» አለችው። ቄሱ ጾሙን አትጹም፣ ሕመምተኛ ነህ ቢሉትም አልሰማም። «ባልጾምስ ምን ልበላ ነው?» ይል ነበር እየሳቀ። እንግዲህ ያን ቀን እዚያ ቤት የነበርን ሁሉ የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ጾሙ ሲፈታ ይበላል ወይስ አይበላም። ማንም ግን ጮክ ብሎ አይናገረውም። የዓለምወርቅ ስለ ዶሮው ዋጋ ታወራለች፣ እኔ ስለ ብርዱ አወራለሁ፣ እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ይጨፍናል።

ዶሮዎቹን ያመጣው ታደገ ነው። ቅዳሜ ከከተማው ወጥቶ፣ ጥቁር ለብሰው በማኅበር ከሚኖሩት ገበሬዎች ዘንድ ሄዶ፣ እያንዳንዱን በስድስት ዶላር ገዝቶ፣ እዚያው በስመ አብ ብሎ በእጁ አርዷቸው መጣ። የዓለምወርቅ ማን እንዳረደው የማታውቀውን የሱቅ ዶሮ ለበዓል ቤቷ አታስገባም። ትልቁ ድስት ለእኛና ለእንግዳ ነው፤ በርበሬው ቀይ እስኪሆን ድረስ ተቁላልቷል። ወንድሜ ጨጓራው በርበሬ ስለማይችል ትንሿ ድስት የእሱ ናት። አርያም እኔም እናቷም ወደዚያች ድስት እንድንጠጋ አልፈቀደችም። የዓለምወርቅ ጨው ልትቀምስላት ማንኪያ ስታነሣ «ማሚ፣ ተይው፣ ቀምሼዋለሁ» አለቻት። እናቷ ማንኪያውን መለሰችና «ዘንድሮ ልጄ ባለሙያ ሆናለች» አለችኝ ደስ ብሏት። ልጅቷ ያን ጠዋት እጇን ደጋግማ ስትታጠብ አይቻታለሁ። የበዓል ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ታደገ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የዕቃ መጋዘን ነበር የሚሠራው፤ የዚያን ሰሞን ሥራ ስለበዛ ከአመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ገብቶ የሚወጣው ሲነጋ ነው። ጠዋት ታራዴል ሰፈር ያለው ቤታችን ገብቶ ጥቂት ተኝቶ፣ ጾሙን ከጋሽ ገብሬ ጋር ልፍታ ብሎ ምንም ሳይቀምስ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በረዶው ከሱሪው ጫፍ ላይ እየቀለጠ፣ የወንድሜን ጉልበት ስሞ ከሶፋው ትይዩ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ቤቱ አንድ መኝታ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የገብርኤል ሥዕልና የመድኃኒቱ ጠረጴዛ አለ፤ ከዚያ ውጪ ቦታ የለም። በመስኮቱ የጀርባው መንገድ ይታያል፤ የጎረቤቱ ቡና ቤት የቢራ ሣጥኖች በረዶ ለብሰው ተደርድረዋል። ማሞቂያው ከግድግዳው ሥር ያንኳኳል። ሁለቱ ብዙም አይነጋገሩም። ወንድሜ ታደገን ሳገባ ደስ አላለውም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ ማንሣት አያስፈልግም። ግን ከታመመ ጀምሮ ሐኪም ቤት የሚወስደው ታደገ ነው፤ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ሳይተኛ ይመጣል፣ ደግፎ መኪና ውስጥ ያስገባዋል፣ ሬዲዮ እንኳ ሳይከፍቱ ሄደው ይመለሳሉ። አመሰግናለሁ የሚል ቃል ከወንድሜ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ታደገም አልጠበቀም።

ከታችኛው ፎቅ እማማ ፀሐይወርቅ መጡ። ካልጋሪ ውስጥ ካሉት አበሾች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ወሬ ይወዳሉ፣ የሰሙትንም እሑድ ቅዳሴ ሳይገባ ለሁሉ ያደርሱታል። ኮታቸውን በቤት ቀሚሳቸው ላይ ደርበው ነው የመጡት። «አንተ ገብሬ፣ ዛሬ ካልበላህ ድርሻህን እኔ ነኝ የምበላልህ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ከዚያ ይህ ሰውዬ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው እኔን ይሆናል።» ታደገ ፈገግ አለ። የዓለምወርቅ ትሪውን አቀረበች። አርያም የአባቷን አልጫ ለብቻው በሳህን፣ እንጀራውንም ለብቻው ጠቅልላ፣ ጭኑ ላይ በተነጠፈው ፎጣ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ አልተመለሰችም፤ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ወንድሜ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ አድርጎ ብዙ ጊዜ አላመጠው። ከዚያ ዋጠው። የዓለምወርቅ ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረች። ሁለተኛውን ቆረሰ። «ይህን ማን ሠራው?» አለ። «እኔ ነኝ፣ አባዬ።» «ቅቤው የሣር ሽታ አለው። ኮሰረት አብዝታችሁበታል።» ሦስተኛውን ሲቆርስ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ መብላት አቁመን እጁን እናይ ነበር። አየንና አፈርን፤ ሁላችንም ወደ ትሪው አጎነበስን። አራተኛውንም በላ። ቅቤ ሳይነካው የከረመ አፍ ስለሆነ ይሁን፣ ወይም ሁላችንም እዚያ ስላለን፣ አላውቅም፤ ዘይቱ ነው እንዳልል ገና ሰዓቱ አልደረሰም ነበር። የሳህኑን እኩሌታ በልቶ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ላብ ነበረ፤ ጥሩ ላብ። «ፀሐይዬ፣ እስቲ አንድ ላጉርስዎት» አለ። እማማ ፀሐይወርቅ እጃቸውን አወናጨፉ። «በርበሬ የሌለው ዶሮ የሕፃን ምግብ ነው፣ ወዲያ በለው። እኔን ያጎረሰኝ ቀይ ያጎርሰኝ።» ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ወደ ታደገ ዘረጋ።

«ኧረ ጋሼ፣ ለእርስዎ ይሁን» አለ ታደገ። «ለእኔ በቅቶኛል። ና ተቀበል።» አርያም ከበሩ ተነሥታ መጣች። «አባዬ፣ ጋሼ ታደገ የራሳቸው አላቸው። ያንተ ነው እሱ፣ ሼር አይደረግም። ዶክተሩ ነው ያለው።» ወንድሜ ዘወር ብሎ አያት። «ዶክተሩ ጉርሻ ያውቃል?» አላት። እማማ ፀሐይወርቅ «ፈረንጅ ምኑን ያውቀዋል፣ እናቱም አላጎረሰችው» አሉ። አርያም ሳህኑን ያዘች። «ቀዝቅዟል፣ ላሙቀው» አለች፤ እሱ በግራ እጁ ጫን አድርጎ ያዘው። የተዘረጋው እጁ ቁልቁል መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ክንዱ ቀጥኖ የእኔን ያህል አይሆንም። «እጄን አታሳፍርብኝ፣ ታደገ» አለ። «ያን ሁሉ መንገድ ስትወስደኝ አንድ ቀን አመሰግናለሁ አላልኩህም።» ታደገ ከበርጩማው ተነሥቶ በጉልበቱ ቀረብ አለና አፉን ከፈተ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ከዓመታት በኋላ ወንድሜ ባሌን አጎረሰው ብዬ ነው ያለቀስኩት። እሱ በአንድ አያቆምም፤ ሁለተኛውን ጨመረለት፣ ሦስተኛውን ደግሞ የሳህኑን ሥር በእንጀራው ጠርጎ፣ ከሥር የተኛውን ቅቤ በሙሉ አጥቅሶ፣ እንቁላሉን ከላይ አድርጎ አጎረሰው። ያ ዘይት ከሥር እንደሚዘቅጥ አርያም ኋላ ነው የነገረችኝ። ያን ጊዜ ግን ያየሁት ባዶውን ሳህን ይዛ ወጥ ቤት ስትገባና ቧንቧውን ከፍታ ሳታጥብ ቆማ ስትቀር ነው።

ከምሳው በኋላ ቤቱ ደስ የሚል ቤት ሆነ። የዓለምወርቅ ከእኔ ጋር ሳህን እያነሣች «በላ እኮ» ትለኛለች፤ እኔም «በላ» እላታለሁ፤ ሌላ የምንለው አልነበረንም። ወንድሜ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ሕመሙ ስለሚቀሰቅሰው እንደዚያ ተኝቶ አያውቅም። አርያም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣ እጁን ይዛዋለች። አባቷን ስለምትወድ መስሎኝ ነበር፤ ትንፋሹን እያዳመጠች እንደነበር የማውቀው ዛሬ ነው። ታደገ ብዙ ውሃ ጠጣ። «አፌ ደረቀ» አለ። እማማ ፀሐይወርቅ አንድ ጊዜ ከባስ ላይ ተንሸራተው አንድ ፖሊስ ላይ እንዴት እንደወደቁ ሲያወሩ፣ እኛ ሳቃችንን ጨርሰን እሱ ገና ይስቅ ነበር። ሳቁን ለማቆም ሲታገል ያስታውቃል፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ማሞቂያው ያያል። «ይኼ ነገር የሚያንኳኳው በምት ነው፤ ስሙት» አለ። «ጠላ አልቀረበ፣ ሰውየው ግን ሰክሯል» አሉ እማማ ፀሐይወርቅ። እኔ ወጣ ወጣ ያለውን ዓይኑን አይቼ፣ ሌሊት የሠራ ቀን ያልተኛ ሰው እንደዚህ ነው አልኩ በልቤ። ትንሽ ጋደም በል አልኩት። ሰዓቱን አየና «አሥር ሰዓት ሆኗል፤ መንገዱ በረዶ ነው፣ ቀደም ብዬ ልውጣ» አለኝ። ጫማውን ለማሰር በር ላይ ብዙ ቆየ። «ማታ ባስ እንዳትጠብቂ፣ ብርድ ነው። እዚሁ እደሪ» አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም።

አርያም ተከትላው እስከ ሊፍቱ ሄደች። የተነጋገሩትን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜ አስደግሜያታለሁ። «ጋሼ፣ ዛሬ አይሂዱ። ሲክ ኮል ያድርጉ፣ አሞኛል ይበሉ» አለችው። «ምን ሆኜ?» «በቃ... በዓል ነው እኮ።» «ለእነሱ ተራ ማክሰኞ ነው» አላት። «እንቅልፍዎ መጥቷል፣ አይንዱ። እኔ ልንዳልዎት?» «መንጃ ፈቃዱን ትናንት ማታ ነው ያወጣሽው?» ብሎ ሳቀባት። ታክሲ ልጥራ አለችው። ከዚህ እስከ ኤርፖርት ታክሲ ተይዞ የሚገኘው ደሞዝ ለሹፌሩ ነው አላት። ያን ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፈተች። «ጋሼ፣ ያ አልጫ...» ስትል የቤቱ በር ተከፍቶ እማማ ፀሐይወርቅ ወጡ። «ቆይ አንተ፣ ሊፍቱን ያዝልኝ፣ ደግፈኝ» አሉ። አርያም ያሰበችው ሁለት ነገር ነው። እሳቸው ከሰሙ እሑድ ሳይደርስ አባቷ ሀሺሽ አጨሰ ይባላል፤ ፖሊስ ከሰማ ደግሞ እሷም ብሬንትም ይያዛሉ። ደግሞም የበላው ሦስት ጉርሻ ነው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል አለች። «አልጫው ምን?» አላት ታደገ። «ተስማማዎት ወይ ልልዎት ነው» አለችው። «እጅሽን ይባርከው» አላት። የሊፍቱ በር ተዘጋ።

ወንድሜ ያን ቀን እስከ ማታ፣ ከማታም እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ ተኛ። አርያም ከአጠገቡ አልተነሣችም፤ እራት ብይ ስላት አልበላም አለች። ውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳን አልፎ ነበር፤ መስኮቱ በውስጥ በኩል በረዶ ሠራ። ሲመሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልጅቷ ቀድማ ታነሣለች፤ የሚደውሉት ግን እንኳን አደረሳችሁ የሚሉ ሰዎች ናቸው። መጋዘኑ የደወለው ታራዴል ነው፣ ማንም በሌለበት ቤት። አልመጣም ብሎ የሚፈልገው ሰው አልነበረም፤ እኔ ሥራ ላይ ነው ብዬ ተኝቻለሁ፣ መጋዘኑ ደግሞ በብርዱ ቀረ ብሎ ትቶታል።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ፖሊሶች የታራዴል ጎረቤቶቻችንን ጠይቀው ወንድሜ ቤት መጡ። ኤርፖርቱ ጥግ ባለው መንገድ፣ ከመጋዘኑ ሳይርቅ፣ መኪናው ዳር ይዛ በሥርዓት ቆማ ተገኘች። የማስጠንቀቂያ መብራቷ ባትሪው እስኪያልቅ ሲበራ አድሯል። ሞተሩን አጥፍቷል፣ በሩን ዘግቷል፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከቷል። ካፖርቱን አጣጥፎ በጎን ያለው ወንበር ላይ አስቀምጦታል። እሱን ያገኙት ከመንገዱ ወደ ውስጥ ባለው ሜዳ ላይ፣ የአየር ማረፊያውን አጥር ተደግፎ እንደተቀመጠ በብርድ ደርቆ ነው። ምን አይቶ፣ ምን ፈርቶ፣ ወይም ምን አሙቆት ከመኪናው እንደወጣ ማንም አያውቅም። ሰው እንዳልገጭ ብሎ ያቆማት ይመስለኛል። ታደገ እንደዚያ ነው፤ ሲያዛጋ እንኳ ዳር ይዞ የሚቆም ሰው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ፖሊሱ አንድ ጊዜ ተመለሰ። የሚያስተረጉምልኝ ሰው ስላልነበረ አርያም ናት የቆመችው። ሰውየው በትሕትና አንድ ነገር ጠየቀ። ደግሞ ጠየቃት። «ጋሼ ታደገ ሀሺሽ ይወስዱ ነበር ወይ ይላል። ሐኪሙ ደማቸው ውስጥ አገኘሁ ብሏል» አለችኝ። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። «አንቺ ታውቂው የለ፤ ጠላ እንኳ አይቀምስም። ንገሪው» አልኳት። ነገረችው። ፖሊሱ አንገቱን ነቅንቆ ጻፈና ሄደ። ከዚያ ወሬው ወጣ። እማማ ፀሐይወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሊፍት ውስጥ ብቻውን ሲስቅ ያየሁት እኔ ነኝ ማለታቸው አልቀረም። አርባው ላይ የመጣው ሰው ለቀብሩ ከመጣው እኩሌታ አይሆንም። ማንም ፊት ለፊት አልተናገረኝም፤ ሰዎች ቶሎ ቶሎ በልተው ነፍስ ይማር ብለው ሲወጡ ነው ያወቅኩት። ዕቃ ስናጥብ አርያም እጇን ከሳሙናው ውስጥ ሳታወጣ፣ ፊቴን ሳታይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችኝ። አልመታኋትም። አልጮህኩም። ድስቷ የታለች አልኳት። ጥያታለሁ አለችኝ።

በነጋታው ባሌ ሱሰኛ እንዳልሆነ ለዓለም ሁሉ ልናገር ተነሥቼ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሊፍቱ ውስጥ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ወንድሜ ሶፋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። ከዚያ ገና ወዲህ ሆዱ ተከፈተ፤ ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ ቀጣዩን መድኃኒት ሰጥቶታል፤ ፊቱ ትንሽ ሞላ ብሏል። አርያም ከኋላው ቆማ ታየኛለች፤ የዓለምወርቅ ምንም አታውቅም፣ ወንበር ታመጣልኛለች። ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠና እጁን አየው፤ ያችን ቀኝ እጁን። «የመጨረሻ ምግቡን ከዚህ እጅ ነው የበላው» አለኝ። «እግዜር ይመስገን፣ ያን እንኳ አደረግኩለት።» ከዚያ «ያን ቀን በጣም ደክሞት ነበር፣ አይደል?» አለኝ። አርያም ትንፋሿን ስትይዝ ሰማኋት። «ደክሞት ነበር፣ ጋሽዬ» አልኩት። «ሾርባህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

ወንድሜ በሰኔ ወር ዐረፈ። እስኪያርፍ ድረስ ታደገን የገደለው የሌሊት ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር።